ከኮከቡ ጀርባ ያለውን ብርሃን ማን ጨመረው?



ባለፈው ወር ከእሑድ አምልኮ በኋላ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ወደ እኔ መጣ። በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ያገለግላል፤ የመዝሙሩን ግጥም በፕሮጀክተር የሚያሳየን እሱ ነው። ስልኩን አወጣና "ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለኝ። ከፍቶ ያሳየኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሠራቸው የቆየውን የቅርጫት ኳስ ኮከቦች ዎልፔፐር ነው። ማይክል ጆርዳን፣ ኮቢ ብራያንት፣ ሌብሮን ጄምስ፣ ስቴፈን ከሪ፤ አንዳንዶቹ ለስልክ፣ አንዳንዶቹ ለኮምፒውተር። ለጓደኞቹ በነጻ ይልክላቸዋል፤ አልፎ አልፎ ካርድ የሚሞላለት አለ።

"ባለፈው ሳምንት ትምህርት ላይ አንድ ወንድም የተጫዋች ፎቶ ስልኩ ላይ የሚያደርግ ጣዖት አምላኪ ነው አለ" አለኝ። "እኔ ደግሞ አድራጊ ብቻ ሳልሆን ሠሪ ነኝ። ሁሉንም ላጥፋቸው?"

ወዲያው አልመለስኩለትም። ለምን እንዳልመለስኩ ወደ በኋላ እናገራለሁ።

በእኛ ዘንድ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዝግጁ መልሶች አሉ። አንደኛው "ጣዖት ነው፣ አቃጥለው" የሚል ነው። ሁለተኛው "ምን ችግር አለው፣ ሥዕል ብቻ እኮ ነው" የሚል ነው። የመጀመሪያው ቀናተኛ ይመስላል፤ ሁለተኛው አስተዋይ ይመስላል። እኔ ግን ሁለቱም ከማሰብ የሚያሳርፉን መልሶች ናቸው ብዬ አምናለሁ።

እጁን የሰጠው ማን ነው?

መጀመሪያ ሥራውን እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። ብዙ ተማርኩ። የስልክ ምስል ቁመቱ ረጅም ነው፤ ለብዙዎቹ ስልኮች ወርዱ 1080፣ ቁመቱ 2400 ፒክስል ያህል ይሆናል። የኮምፒውተሩ ግን የተጋደመ ነው፤ የተለመደው 1920 በ1080 ነው። ስለዚህ አንዱን ስቦ ለሌላው ማድረግ አይቻልም፤ ተጫዋቹ ወይ ይወፍራል ወይ እግሩ ይቆረጣል። ብዙዎቻችን በምንጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ የፋይሎቹ ምልክቶች በግራ በኩል ስለሚደረደሩ ተጫዋቹን ወደ ቀኝ ያስቀምጠዋል። ስልክ ላይ ደግሞ ሰዓቱና ቀኑ ከላይ ስለሚወጡ ፊቱን ዝቅ አድርጎ ከላይ ባዶ ቦታ ይተዋል። ጥቁር ጀርባ የሚመርጠውም ለውበት ብቻ አይደለም፤ ኦሌድ በሚባሉት ስክሪኖች ላይ ጥቁር የሆነው ነጥብ ብርሃን ስለማያወጣ ባትሪ ይቆጥባል። ፀጉርን ከጀርባው ለይቶ መቁረጥ አንዳንዴ አንድ ሙሉ ምሽት እንደሚፈጅበትም ነገረኝ።

ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ባስልኤል ነው። በዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር በስሙ ጠርቶት በመንፈሱ እንደሞላው እናነባለን። ለምን? በወርቅ፣ በብርና በናስ እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ። መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ሰው ስብከት አይነግረንም፤ በመንፈስ የተሞላው ለእጅ ሥራ ነው። የዓይን ልክ፣ የቀለም ስሜት፣ አንዲትን ፀጉር ለመለየት ሌሊት የሚቀመጥ ትዕግሥት የዲያብሎስ ስጦታ አይደለም። ስለዚህ ለዚያ ልጅ "ይህ እጅ ከጌታ ነው" ለማለት አላፍርም። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያሉ ልጆቿን ከማስደንገጥ ይልቅ ብታስተምራቸው ታተርፋለች።

ነገር ግን ገጹን እንገልብጥ። ከዘጸአት 31 ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ 32 ነው፤ የወርቁ ጥጃ። ያው ሕዝብ ነው፤ ወርቁም ከእነርሱ ጆሮ የተፈታ ወርቅ ነው። አሮንም እንደ ባስልኤል መቅረጫ ይዟል። መሣሪያውና ብረቱ አልተለወጡም፤ የተለወጠው ምስሉ የተሠራበት ዓላማና የቆመበት ስፍራ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ የአሮን መልስ ነው። ሙሴ ሲቆጣው ወርቁን ወደ እሳት እንደጣለው፣ ጥጃውም እንደወጣ ተናገረ፤ በገዛ እጁ ያልቀረጸው ይመስል። የዛሬው ዲዛይነርም "ፎቶሾፕ ነው እንዲህ ያደረገው" ሊል ይችላል። ወንድሜ፣ ፎቶሾፕ ብቻውን ምንም አይጨምርም።

ሰውን ከሰው በላይ ስናደርገው

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ሌብሮን ጄምስ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ታዋቂ የአሜሪካ የስፖርት መጽሔት "የተመረጠው" ብሎ በሽፋኑ ላይ አወጣው። እሱም ያንን ስም ጀርባው ላይ ተነቀሰው። በኋላ በክሊቭላንድ ከተማ መሐል በአንድ ሕንፃ ግድግዳ ላይ አሥር ፎቅ የሚያህል የናይኪ ማስታወቂያ ተሰቀለ፤ ሌብሮን እጆቹን ዘርግቶ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ። ጽሑፉ ሁላችንም ምስክሮች መሆናችንን የሚናገር ነበር።

አስተውሉ፤ "የተመረጠው" እና "ምስክሮች" ከየት የመጡ ቃላት ናቸው? ከእኛ መጽሐፍ ነው። በሐዋርያት ሥራ 1 ላይ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ምስክሮቼ ትሆናላችሁ ብሎ የላከበት ቃል ነው ጫማ ለመሸጥ የዋለው።

በሐምሌ 2010 ሌብሮን ወደ ማያሚ እንደሚሄድ ባስታወቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያ ምስል ወረደ። ትናንት ሲያጨበጭቡ ከነበሩት መካከል ማሊያውን ያቃጠሉ ነበሩ። በ2014 ተመለሰ፤ በዚያው ስፍራ ሌላ ግዙፍ ምስል ተሰቀለ። በ2016 ለከተማዋ ዋንጫ አመጣ። በ2018 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ፤ ሁለተኛውም ምስል ወረደ። ተሰቀለ፣ ወረደ፤ እንደገና ተሰቀለ፣ እንደገና ወረደ። ሰውየው ክፉ ስለሆነ አይደለም። በ2018 በተወለደባት በአክረን ከተማ በትምህርት ወደ ኋላ ለቀሩ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲከፈት ያደረገ ሰው ነው፤ ለዚህ ልናመሰግነው ይገባል። ችግሩ ሰው ሊሸከመው የማይችለውን ክብር ስንጭንበት ነው። አሥር ፎቅ የሚያህል ክብር ለማንም ትከሻ ይከብዳል። ተሸካሚው ይጎዳል፤ ሰቃዩም ባዘነ ቀን ወደ ቁጣ ይዞራል።

ከልጁ ሥራዎች ውስጥ ሁለቱ የኮቢ ብራያንት ነበሩ። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 2020 ኮቢ በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁ ጂያና አብራው ነበረች፤ በጠቅላላው ዘጠኝ ሰዎች አለቁ። በዚያ ሰሞን በየስልኩ ክንፍ ያለው፣ በራሱ ዙሪያ የብርሃን ቀለበት የተደረገለት ኮቢ ታየ። ልጁም አንድ እንደዚያ ያለ ሠርቷል። ሁለተኛው ሥራው ግን ሌላ ነው፤ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጨዋታ ሲያዩ። ክንፍ የለም፣ ጨረር የለም።

"የትኛው ያስለቅስሃል?" አልኩት።

ብዙ ሳያስብ ወደ ሁለተኛው ጠቆመ።

እውነት ስለሆነ ነው። አንድ አባት ልጁን ይወድ ነበር፤ አብረው ሞቱ። ይህ ሐዘን ነው። ክንፍ ስንቀጥልለት ሐዘኑን አላጽናናነውም፤ ሞትን ሸፈንነው። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ የነገራቸው የሞቱት መላእክት ሆነዋል ብሎ አይደለም፤ ኢየሱስ ሞቶ ስለተነሣ ነው። የክርስቲያን ተስፋ ትንሣኤ ነው፤ ክንፍ ተስሎ አይገኝም።

"ተጫዋቹ ክርስቲያን ከሆነስ?" የሚል ይኖራል። ስቴፈን ከሪ እምነቱን አይደብቅም። ከኮሌጅ ዘመኑ ጀምሮ ጫማው ላይ 4፥13 ብሎ ይጽፋል፤ የፊልጵስዩስ መልእክት ምዕራፍና ቁጥር ነው። ኳስ ካስገባ በኋላም ጣቱን ወደ ላይ ይጠቁማል። ልጁ በሠራው ምስል ላይ የከሪ ጣት ወደ ሰዓቱ ባዶ ቦታ ይጠቁማል፤ ከላይ ማንም የለም፣ ምንም አልተጨመረም። ወደድኩት። ከሪ "ወደዚያ እዩ" እያለ እኛ ጣቱን ብቻ እያየን ከቀረን ግን አማኝ ተጫዋችም ጣዖት ሊሆንብን ይችላል።

ፎቶውን ያነሣው ሰውስ?

ስለ ጣዖት ስንከራከር የምንዘለው ሌላ ትእዛዝ አለ፤ አትስረቅ የሚለው። ልጁን "እነዚህን ፎቶዎች ከየት ታመጣለህ?" አልኩት። "ከጉግል" አለ። ጉግል ግን ፎቶ አያነሣም። ከእያንዳንዱ ምስል ጀርባ ካሜራ ተሸክሞ የደከመ ሰው አለ።

ዛሬ በጫማና በማሊያ ላይ የምናየው እግሮቹን ከፍቶ የሚዘለው የጆርዳን ምልክት ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1984 ያኮቡስ ሬንትሜስተር የተባለ ፎቶ አንሺ ገና የኮሌጅ ተማሪ የነበረውን ጆርዳን ለላይፍ መጽሔት አነሣው። አዘላለሉን ከባሌ ዳንስ ወስዶ ራሱ ነበር ያሰበው። ቆይቶ ናይኪ በራሱ ፎቶ አንሺ ተመሳሳይ አዘላለል ያለው ሌላ ፎቶ አስነሣ፤ ምልክቱም ከዚያ ወጣ። ሬንትሜስተር በ2015 ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ2018 ለኩባንያው ፈረደ፤ አዘላለሉን ማንም የግሌ ሊለው እንደማይችልና ሁለቱ ፎቶዎች የተለያዩ መሆናቸውን ገለጸ።

ከዚህ ፍርድ ለወጣት ዲዛይነር የሚጠቅም ነገር ይገኛል። አዘላለሉ የማንም አይደለም፤ ልትስለው ትችላለህ። ፎቶው ግን ባለቤት አለው። ስለዚህ በራስህ እጅ ሳል፤ ወይም በነጻ ለመጠቀም የተፈቀደ ፎቶ ፈልግ፤ ወይም አስፈቅድ። በተለይ ገንዘብ የምትቀበልበት ከሆነ። ከሰፈርህ ሜዳ ላይ ጓደኛህ ሲዘል አንተው አንሥተህ መሥራትም ትችላለህ፤ ያ ፎቶ የራስህ ነው። በሱቅ ውስጥ ሸሚዝ የማይሰርቅ አማኝ በስክሪን ላይ የሰው ድካም ሲወስድ ምንም የማይሰማው ከሆነ ሕሊናው በከፊል ተኝቷል ማለት ነው። ይህን የምለው ለልጆቹ ብቻ አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያን ሚዲያ ክፍሎችም ነው።

ወዲያው ያልመለስኩበት ምክንያት

አሁን ወደ ጀመርኩት ልመለስ። ልጁ "ላጥፋቸው?" ብሎ ሲጠይቀኝ ከጀርባው ግድግዳው ላይ አንድ ፖስተር ነበር፤ የጉባኤ ፖስተር። የሠራሁት እኔ ነኝ። በመካከሉ ተጋባዡ አገልጋይ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ከበስተኋላው ደመና ተከፍሎ ወርቃማ ጨረር ይወጣል። ስሙ ከነማዕረጉ በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል። የጌታ የኢየሱስ ስም ከታች ነው፤ ከአድራሻውና ከስልክ ቁጥሩ አጠገብ፣ በትንንሽ ፊደላት።

ያንን ጨረር የጨመርኩት እኔ ነኝ። አገልጋዩ አልጠየቀኝም፤ ኮሚቴውም አላዘዘኝም። "እንዲስብ" ብዬ ነው። በልጁ ስልክ ውስጥ ከኮቢ ራስ ዙሪያ ያለው ብርሃንና በእኔ ፖስተር ላይ ያለው ብርሃን አንድ ዓይነት ነበር። ልጁን ጣዖት ሠሪ ብለን ልንገሥጸው በቆምንበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ የእኛው ተሰቅሏል።

ወገኖቼ፣ ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ እንነጋገር። በየከተማው በየአጥሩ የተለጠፉትን የኮንፈረንስ ፖስተሮች ተመልከቱ። እጆች ተዘርግተዋል፣ ሰማይ ተከፍቷል፣ መብረቅ ይበርቃል፤ በመካከሉ ሰው ቆሟል። የአገልጋያቸውን ፎቶ ዎልፔፐር ያደረጉ አማኞችም አሉ። የኳስ ኮከብ ስናይ "ጣዖት" እንላለን፤ የእኛን ሰው ስናይ "ቅባት" እንላለን። እውነት ለመናገር የቅርጫት ኳስ ምስል ይሻላል፤ ቢያንስ እግዚአብሔርን ወክያለሁ አይልም።

በሐዋርያት ሥራ 14 በልስጥራን የሆነውን አስቡ። ከተወለደ ጀምሮ ሄዶ የማያውቅ ሰው ዘሎ ተነሣ። ሕዝቡ ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት ናቸው ብሎ ኮርማና የአበባ ጉንጉን አመጣ። ሐዋርያቱ ምን አደረጉ? ልብሳቸውን ቀደዱ፤ ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጠው ገቡ፤ እኛም እንደ እናንተ ሰዎች ነን ብለው ጮኹ። የሚቀበላቸው ሕዝብ አጥተው አልነበረም፤ ክብሩ የማን እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። በዘመናችን የራሱን ፖስተር የሚቀድ አገልጋይ ብናይ ትልቅ መነቃቃት ጀመረ እላለሁ።

ታዲያ ምን አልኩት?

"አታጥፋቸው" አልኩት። "ጨረሩን ግን አጥፋ።"

ሳቀ። በፎቶሾፕ እያንዳንዱ ነገር በየራሱ ንብርብር ላይ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ያለችውን የዓይን ምልክት አንዴ ስትነካ ያ ንብርብር ይሰወራል። እዚያው ቆመን ሦስት ጥያቄዎች ተስማማን። ማንኛውም ወጣት ዲዛይነር ሥራውን ከመላኩ በፊት ራሱን ሊጠይቅ ይችላል።

አንደኛ፣ ይህ ምስል እውነት ይናገራል ወይ? ሰውየው ዘሏል፣ ወዟል፣ ተሸንፏል፣ አሸንፏል፤ ይህን አሳይ። ያልሆነውን አትጨምርበት።

ሁለተኛ፣ የተጠቀምኩበትን ነገር ያገኘሁት በንጹሕ እጅ ነው ወይ?

ሦስተኛ፣ ይህን ምስል በቀን ደጋግሞ የሚያይ ሰው ወዴት ይሄዳል? በ2 ቆሮንቶስ 3 መጨረሻ ላይ ጳውሎስ የጌታን ክብር እያየን ያንኑ መልክ ወደ መምሰል እንደምንለወጥ ያስተምረናል። የምናየው ይለውጠናል። አንድ የደከመው ልጅ ጠዋት ስልኩን ሲከፍት የሌላውን ሰው ልምምድና ትጋት አይቶ ተነሥቶ ቢሠራ መልካም ነው። ያንን ሰው አይቶ "እኔ ምንም አይደለሁም" ብሎ ተመልሶ ቢተኛ ግን ምስሉ አልጠቀመውም።

እኔም ቤቴ ገብቼ የፖስተሩን ፋይል ከፈትኩ፤ ጨረሩን አጠፋሁ። ቀጣዩን ፖስተር ስሠራ የጉባኤውን ርእስና የጌታን ስም መሐል አደረግሁ፤ የአገልጋዩን ስም ከታች። ከኮሚቴው አንድ ወንድም "ይሄ ሰው አይስብም" አለኝ። ሊሆን ይችላል። ግን ወደ ማን ነው የምንስበው?

እስካሁን እምነትን እየፈለግህ ያለህ ወዳጄ፣ እየፈለግሽ ያለሽ እህቴ፣ ይህን ያነበባችሁት ስለ ኳስ መስሏችሁ ከሆነ ደስ ይለኛል። ጀግና መፈለጋችሁ ስሕተት አይደለም። ከፍ ብሎ የሚታይ፣ ቀና ብለን የምናየው ሰው እንድንሻ ሆነን ተፈጥረናል። ግን በሕንፃ ላይ የተሰቀለ ሁሉ አንድ ቀን ይወርዳል። አንድ ሰው ብቻ እጆቹን ዘርግቶ ከፍ ከፍ ያለው ሊጨበጨብለት ሳይሆን ስለ እኛ ሊሞት ነበር። ፎቶው የለንም። ኢሳይያስ 53 እንኳ ዓይን የሚስብ ደም ግባት እንዳልነበረው ይነግረናል። በዚያ ቀን ከጀርባው ጨረር አልነበረም፤ ሉቃስ እንደጻፈው ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምድር ሁሉ ጨልማ ነበር። ከመስቀል ያወረዱትም ሞቶ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን ተነሣ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያወርደውም።

ጌታ ሆይ፣ ለልጆቻችን የሰጠሃቸውን እጅ ባርክ። ለሰው የማይገባውን ብርሃን የጨመርንበትን ይቅር በለን። ዓይናችንን ወደ አንተ መልስ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ጸጋው ይብዛላችሁ።